የሰንሰለት ጥልፌ ጨርቁን ያጨማደደበት ምክንያት

ለጥምቀት የምለብሰውን ቀሚስ ራሴ ልጥለፍ ብዬ ተነሳሁ። ደረቱ ላይ መስቀል፣ ዙሪያውን የሰንሰለት ጥልፍ፣ ማለትም የክር ቀለበት ከቀለበት እየተያያዘ የሚሄድበት። ክሩን ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። ሦስት ቀን ሠርቼ ሳየው ሸማው ተጨማዷል፤ ሰንሰለቱም አንዱ ቀለበት ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ።

መጀመሪያ ክሩን አማሁ። ሌላ ገዛሁ፣ ያው ነው። በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠልፉ የኖሩት ጎረቤታችን እማማ ጨርቁን ገልብጠው ጀርባውን አዩና «አንቺ ልጅ፣ ማን አሳደደሽ?» አሉኝ።

ለካ ክሩን እስኪከር ድረስ እየሳብኩት ኖሯል። ቀለበቱ እኮ ጨርቁ ላይ ተኝቶ የገብስ ፍሬ መስሎ ሞላ ማለት አለበት፤ ልክ ሲተኛ ማቆም ነው። መርፌውንም መልሼ የምወጋው ክሩ ከወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ነበር። እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚገባው! ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ራቅ አድርጎ ጫፉን ማውጣት፣ ክሩን ከጫፉ ስር ማሳለፍ፣ ቀስ ብሎ መሳብ።

የመስቀሉ ማዕዘን ላይ ደግሞ ሰንሰለቱ ይጣመምብኝ ነበር። የመጨረሻውን ቀለበት አናቱን በአንዲት አጭር ስፌት አስሬ፣ መርፌውን ከዚያው ቀለበት ውስጥ አውጥቼ በአዲሱ አቅጣጫ ስቀጥል ማዕዘኑ ቁልጭ አለ።

ሸማው ስስ ስለሆነ ከስር አቡጀዲ ደረብኩበት። ክሩንም ከ50 ሳንቲ ሜትር አላስረዝምም፤ ሲረዝም ይቋጠራል።

የድሮውን መፍታት ግን አይነሳ። ሁለት ቦታ ሸማውን በሳሁት፤ አሁን እዚያ ላይ ቅጠል ተጠልፎበታል።