በሰው አገር ገበያ ሲገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው አገር ገበያ ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንፈራው መታለልን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሳናውቅ ሻጩን ማስቀየማችን ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዋጋ ሰጥቶ ጥሎ መሄድ ነው። በሞሮኮዋ ከተማ ማራኬሽ ውስጥ ምንጣፍ ወደዱ እንበል። ሻጩ 900 ድርሃም ጠራ፣ እርስዎ 500 ሰጡ። ምንጣፎቹን አንድ በአንድ እየዘረጋ ያሳይዎታል፣ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ በመጨረሻ "እሺ በቃ፣ በ500 ይውሰዱት" ይላል። እዚህ ደርሶ "ቆይ ላስብበት" ማለት ቃል ማጠፍ ነው። ዋጋው ሳይስማማዎት መሄድ ግን ማንንም አያስቀይምም። ስለዚህ የማይገዙትን ዕቃ ዋጋ አይስጡ። በተለይ ማለዳ ላይ ይጠንቀቁ፤ ቱርክና ህንድ ውስጥ ብዙ ነጋዴዎች የቀኑን የመጀመሪያ ሽያጭ እንደ ገድ ያዩታል።

የኢስታንቡሉ ትልቁ የተሸፈነ ገበያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ሱቆች አሉት። ገና ሳይነጋገሩ ሻይ ሊቀርብልዎት ይችላል። "ከጠጣሁ መግዛቴ ነው" ብለው አይሽሹ። ሻይው የእንግዳ አቀባበል ነው፣ ጠጥቶ አመስግኖ መውጣት ይቻላል።

ኢራን ውስጥ ደግሞ ሒሳብ ሲጠይቁ ባለሱቁ "ኧረ ምንም አይደል፣ ይውሰዱት" ሊልዎት ይችላል። ታሮፍ የሚባለው የአክብሮት ወግ ነው። አምኖ ዕቃውን ይዞ መውጣት ትልቅ ነውር ነው። ሁለቴ ሦስቴ "ግድ የለም፣ ስንት ነው?" ይበሉ፤ ዋጋውን ይነግርዎታል። የእኛን ይሉኝታ ለሚያውቅ ሰው ይህ አይከብድም።

ዋጋ በተለጠፈበት ሱቅ "ቀንሱልኝ" ማለትም ስህተት ነው። "ለ ቦን ማርሼ" የተባለው የፓሪስ ትልቅ መደብር ከ1852 በኋላ በቁርጥ ዋጋ መሸጡ ለሌሎች ትልልቅ መደብሮች አርአያ ሆኗል። ጃፓን ውስጥ በተለመደው ሱቅ ክርክር የለም። ገንዘቡንም በሻጩ እጅ ከማስጨበጥ ይልቅ ካሸሩ ፊት ባለችው ትንሽ ሳህን ላይ ያስቀምጡ።

ፈረንሳይ ሱቅ ሲገቡ ከሁሉ በፊት "ቦንዡር" ይበሉ። ያለ ሰላምታ ጥያቄ መጀመር እንደ ንቀት ይቆጠራል።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ካሸሯ ጋር አይጣሉ። በአብዛኞቹ ግዛቶች የሽያጭ ታክስ የሚደመረው ሲከፍሉ ስለሆነ፣ ሒሳቡ ከተለጠፈው ዋጋ ከፍ ይላል።