ትልቅ አፕ ላይ የትኛው ስክሪን በምን ይሠራ?

«ፍላተር ይሻላል ወይስ ሪአክት ኔቲቭ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ሁለቱም በአንድ ኮድ ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች (ፍሬምወርኮች) ናቸው። አፑ ትልቅ ከሆነ መልሱ ከስክሪን ስክሪን ይለያያል። መጀመሪያ ስክሪኖቻችሁን ዘርዝሩና ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል? ሰው ጣቱን ሲያንሸራትትበትስ ስልኩ ምን ያህል ሥራ አለበት?

የቅናሽና የማስታወቂያ ገጽ በየሳምንቱ የሚቀየር ከሆነ አቀማመጡን ከሰርቨር ላኩት። ሰው አፕዴት እስኪያደርግ መጠበቅ ይቀራል። ግን የቆየው ቨርዥን የማያውቀው ዓይነት ካርድ ሲመጣበት ዘሎት እንዲያልፍ ከመጀመሪያው ካልጻፋችሁት፣ አንድ ቀን አፑ በብዙ ሰው ስልክ ላይ ክራሽ ያደርጋል። ውልና መመሪያ በዌብቪው (አፑ ውስጥ በሚከፈት ድረ ገጽ) ይሂድ፣ ይበቃዋል።

ረጅም ዝርዝር ላይ ነው ጊዜ መስጠት። በ60 ኸርዝ ስክሪን ለአንድ ፍሬም (ስክሪኑ አንዴ ለሚያሳየው ምስል) ያላችሁ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፣ በ120 ኸርዝ ደግሞ 8.3። ሥራው ከዚህ ካለፈ ስክሪኑ ይንተባተባል። ያኔ ሁሉም ፍሬምወርኩን ይረግማል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ፎቶዎቹን እዩ ነው የምለው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ፋይሉ ትንሽ ቢሆንም ሚሞሪ ላይ ሲከፈት 48 ሜጋባይት ይበላል፣ ያውም አውራ ጣት ለምታህል ቦታ! ሰርቨሩ አሳንሶ ይላከው። በኮምፖዝ (በአዲሱ የአንድሮይድ ስክሪን መሥሪያ) የምትሠሩ ከሆነ የሚታዩትን ረድፎች ብቻ የሚሠራውን ሌዚኮለም ተጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍም የማይቀያየር ኪይ (መለያ) ስጡት። አለዚያ ከላይ አንድ ነገር ሲጨመር ከሥር ያሉት ረድፎች እንደገና ይሠራሉ።

ፍሬምወርኩን ቡድናችሁን አይታችሁ ምረጡ። የቤት ኪራይ አፑ ኤርቢኤንቢ በ2018 ሪአክት ኔቲቭን ተወ፤ ከአንድሮይድና ከአይኦኤስ ጎን ሦስተኛ ሥራ ሆኖበት ነበር። የኦንላይን ሱቅ መክፈቻው ሾፒፋይ ደግሞ በ2020 ያንኑ መሣሪያ መረጠ። ፍላተር ስክሪኑን ራሱ ስለሚስል በሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት ይወጣል፤ ሪአክት ኔቲቭ የስልኩን የራሱን በተንና ጽሑፍ ይጠቀማል። ኔቲቭ አፕ (ለአንድሮይድ ወይም ለአይፎን ለብቻው የተጻፈ) ካላችሁ ግን ከዜሮ አትጀምሩ። አንድሮይድ ላይ ኮምፖዝ በኤክስኤምኤል (በቀድሞው መንገድ) የተሠራ ስክሪን ውስጥም ስለሚገባ ቀስ በቀስ መቀየር ይቻላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ከባዱን ስክሪን በምታማርጧቸው በሁለቱም መንገድ ሠርታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። በዲባግ (ስትሠሩ በምትሞክሩበት) ሳይሆን በሪሊዝ ቢልድ (ለተጠቃሚ በሚወጣው)፣ በእናንተ ውድ ስልክ ሳይሆን ተጠቃሚዎቻችሁ በያዙት ርካሽ አንድሮይድ።