በጣሊያን ወረራ ዘመን ላይ የሚያተኩር ድራማ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣሊያን ወረራ ለአማርኛ ተውኔት ጸሐፊ ያልተነካ ሀብት ይመስላል። ግጭቱ የተዘጋጀ ነው፤ ጠላቱ የታወቀ ነው፤ ተመልካቹም ገና መጋረጃው ሳይከፈት ለማን እንደሚያዝን ያውቃል። ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩትም ከዚሁ ምቾት ነው፤ ታሪኩ በራሱ ግዙፍ ስለ ሆነ ጸሐፊው ሰዎቹን ማሳደግ ይዘነጋል።

ከሁሉ የሚቀድመው ስህተት ጀግናውን ተጠናቆ ወደ መድረክ ማስገባት ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት ደፋር፣ አገር ወዳድና አስተዋይ ሆኖ የመጣ አርበኛ በመጨረሻው ትዕይንት ያው ደፋር፣ አገር ወዳድና አስተዋይ ነው፤ ልዩነቱ ምናልባት መሞቱ ብቻ ነው። በመጋቢት 1928 ከማይጨው ሽንፈት የተረፈ ወታደር ግን ወደ ቀዬው ሲመለስ ከአውሮፕላን የሚረጨውን የመርዝ ጋዝ ያየ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር መውጣታቸውን በመንገድ የሰማ፣ ቤተሰቡን ምን እንደሚያበላ የማያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ዱር ቤቴ ከማለቱ በፊት የሚያሳልፋቸው ሳምንታት ለጸሐፊው ከውጊያው ይልቅ ይጠቅማሉ፤ ማመንታቱ ካልታየ ውሳኔው ክብደት አይኖረውም።

የዚህ ግልባጭ የሆነው ስህተት ባንዳውን ሆዳም ብቻ አድርጎ መሣል ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ የሆነው አብርሃ ደቦጭ ከዚያ በፊት በጣሊያኖች መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በ1928 ክረምት ጎረቤቶቹ በልባቸው ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በጠላት ደመወዝ የሚያድር ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግ ተመልካቹ እርግጠኛ ካልሆነ ልብ ሰቀላው የሚገኘው ከዚያ ነው፤ ጸሐፊው ግን ባንዳውን ገና ሲገባ በአስቂኝ አረማመድና በስግብግብ ሣቅ ካስተዋወቀው ጥርጣሬውን በገዛ እጁ ገድሎታል።

ሦስተኛው ስህተት ለውጥን በንግግር መፈጸም ነው፤ በእኔ ግምት በብዛት የሚታየውም ይኸኛው ነው። ገጸ ባሕርዩ ለሁለት ገቢር ፈሪ ሆኖ ይቆይና ወንድሙ ሲገደል ወደ መድረኩ ፊት ወጥቶ ረጅም ንግግር ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ጀግና ነው። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው ግን ለአገሩ እንጂ ለገጸ ባሕርዩ አይደለም። ለውጥ አሳማኝ የሚሆነው አንድ ዓይነት ድርጊት በተለያየ ጊዜ ሲደገምና በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሲለካ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የይለፍ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚመታ አንድ ጸሐፊ እናስብ። በመጀመሪያው ገቢር የገዛ አጎቱን ወረቀት ፊርማ ይጎድለዋል ብሎ ይመልሳል። በሁለተኛው የአንዲት የማያውቃት ሴት ወረቀት ላይ ማኅተሙን ይመታል፤ ነገር ግን ሌሊቱን በፍርሃት ሲገላበጥ አድሮ በማግሥቱ አንድ ችግረኛ ከወትሮው ይበልጥ በጭካኔ ያባርራል። በሦስተኛው ምንም ያልተጻፈበትን ወረቀት አትሞ ይሰጣል። እዚህ ላይ ስለ ነፃነት አንድም ቃል መናገር አያስፈልገውም። መካከል ላይ ያለው ወደ ኋላ መንሸራተት በተለይ መዘለል የለበትም፤ ብዙ ጸሐፊዎች ግን ትረካውን ያዘገየብናል ብለው መጀመሪያ የሚሰርዙት እርሱን ነው።

ተምሳሌትን ማብራራትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ድክመት ነው። አብርሃ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት የጣሊያንን ባንዲራ በሳንጃ ከወለሉ ላይ ቸንክሮ የኢትዮጵያን ባንዲራ እንዳሰረበት ይነገራል። ይህ ድርጊት መድረክ ላይ ቢቀርብ ማብራሪያ የሚጨምርለት ሰው ያበላሸዋል። ከላይ ያልነው ማኅተምም ቢሆን አስቀድሞ የሥራ ዕቃ ሆኖ በሚገባ ሊያገለግል ይገባል፤ ከመጀመሪያው ትዕይንት ጀምሮ ብርሃን የሚበራበትና የሚያለቃቅሱበት ዕቃ ተምሳሌት መሆኑ ቀርቶ ማስታወቂያ ይሆናል።

ሰምና ወርቅ ደግሞ የአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ መሣሪያ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ለጌጥ ብቻ ይውላል፤ ገበሬው፣ ቄሱ፣ ጠጅ ጠማቂዋና የአሥር ዓመቱ ልጅ ሁሉ በቅኔ ይነጋገራሉ። በዚያ ዘመን ቅኔ ሕይወት ያስከፍል ነበር። ከየካቲት 12 በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን ሳይቀር አሳድኖ አስገድሏል፤ ምክንያቱም ወሬና ግጥም ከጠመንጃ ባልተናነሰ ያስፈራው ነበር። ስለዚህ አንድ አዝማሪ በጠጅ ቤት ውስጥ ድርብ ትርጉም ያለው ስንኝ ሲያወርድ በመድረኩ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰሚዎች ሊኖሩ ይገባል፤ ሰሙን ሰምቶ የሚስቅ ሹምና ወርቁን ሰምቶ የሚደነግጥ ወዳጅ። ሦስተኛ ሰው ቢጨመር፣ ማለትም ወርቁን የገባው ነገር ግን ለማን እንደሚናገር ያልወሰነ አስተርጓሚ ቢቀመጥ፣ ስንኙ ሴራውን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ አስተርጓሚውም ዝም በማለቱ ወይም በመናገሩ ይለወጣል። ፉከራና ሽለላም እንዲሁ ናቸው፤ ከውጊያ በፊት የሚፎክርና ከውጊያ መልስ መፎከር የሚያቅተው ሰው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ስለ ምልሰት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ፍጥጫው በጋለበት ሰዓት ወደ ልጅነት ትዝታ መመለስ ውጥረቱን ማፍሰስ ነው።

ሴቶችን አልቃሽና ስንቅ አቀባይ ብቻ ማድረግ ግን ከኪነ ጥበብ ስህተትነት አልፎ ከታሪኩም ጋር ይጣላል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና መረጃ በማቀበላቸው ተይዘው በጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ታስረዋል። የውስጥ አርበኛ ኑሮ ቀን ከጠላት ጋር እየተሳሳቁ ሌሊት መረጃ ማሾለክ ነው፤ ለተዋናይት ከዚህ የበለጠ የሚፈታተን ድርሻ የትም አይገኝም።

ጭፍጨፋን ማቅረብም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ለሦስት ቀናት የተፈጸመውን እልቂት በጩኸት፣ በጭስና በወደቁ ሰዎች ብዛት ለማሳየት መሞከር ተመልካቹን ያደነግጠው ይሆናል፤ ነገር ግን የሞተው ሰው ማን እንደ ሆነ ካላወቀ ድንጋጤው ከአዳራሹ በር አይዘልቅም። በሩን ቆልፎ ጎረቤቱ ሲያንኳኳ የሚሰማ አንድ ሰው ይበቃል፤ ከፈተም አልከፈተም፣ ከዚያ በኋላ ያው ሰው ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻም ድራማውን ድል ላይ ማቆም አለ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀችበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ልክ በአምስተኛ ዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ከተማዪቱ መግባታቸው ለመዝጊያ የሚማርክ ነው። ዘመኑ ያቀረበው ትልቁ ምጸት ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ከጠላት ጋር ሲሠሩ የኖሩ አንዳንድ ሰዎች ሥልጣን ላይ ሲቆዩ በጎጃም ጠላትን ያስጨነቁት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጡት በኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ጸሐፊው ባንዲራ በሚሰቀልበት ትዕይንት ለመጨረስ ከቆረጠ እንኳ ዋናው ገጸ ባሕርይ በሰልፉ ውስጥ የት እንደሚቆም፣ ከፊቱ ቆሞ የሚጋርደውም ማን እንደ ሆነ ብዕሩን ከማስቀመጡ በፊት ይወስን።