ቤዝ ጊታር ቤት ውስጥ ስትቀርጹ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

አምፕ ሞደለር፣ ማለትም የአምፕሊፋየርን (የአምፕን) ድምፅ አስመስሎ የሚያወጣ ፕሮግራም ወይም ፔዳል፣ ከመጣ ወዲህ ቤዝ ለመቅረጽ ስቱዲዮ መከራየት የግድ አይደለም። ላፕቶፕ፣ ሳውንድ ካርድ (ቤዙ ወደ ላፕቶፑ የሚገባበት መሣሪያ)፣ ሄድፎንና አንድ ጥሩ ፕለጊን (መቅረጫ ሶፍትዌር ውስጥ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም) ካለ ይበቃል። አምፔግ እ.ኤ.አ. በ1969 ያወጣውን ባለ 300 ዋት ኤስቪቲ የቤዝ አምፕ፣ ባለ ስምንት ስፒከር ካቢኔቱን ጨምሮ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ የሚወጣ የለም። ቢወጣም ጎረቤት አይችለውም። ድምፁ ግን ዛሬ ላፕቶፕ ውስጥ አለ። ኒውራል አምፕ ሞደለርን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፕለጊን ስላለ "ገንዘብ የለኝም" ማለትም አይሠራም።

በዚህ የተነሳ ቤት የቀረጹትን ቤዝ ሚክስ እንዳደርግላቸው (ከሌሎቹ መሣሪያዎች ጋር እንዳዋህድላቸው) የሚልኩልኝ ልጆች በዝተዋል። አብዛኞቹ ጎበዝ ናቸው። ጣታቸው ላይ ችግር የለም። ነገሩ የሚበላሸው ድምፁ ከክሩ ተነስቶ እኔ ጋ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያንኑ መልስ ለእያንዳንዱ በቴሌግራም መጻፍ ሰለቸኝ። ስለዚህ አንዴ እዚህ ላስቀምጠው።

ድራዩን አለመያዝ

የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም አንድ ነው፦ "ድራዩ የታለ?" አምፕም፣ ኮምፕረሰርም (ጮክ ያለውን ድምፅ የሚጫነው)፣ ምንም ያልነካውን፣ ቤዙ በቀጥታ ወደ ሳውንድ ካርዱ ሲገባ የተያዘውን ድምፅ ማለቴ ነው። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ "እሱንማ አልያዝኩትም፤ ድምፁ ቆንጆ ስለነበር አላስፈለገም።"

ለማን ነው ቆንጆ የነበረው? ሄድፎን አድርጎ ቤዙን ብቻውን ለሚያዳምጥ ሰው ነዋ! ዘፈኑ እኮ ገና አላለቀም። ድራሙ ሊቀየር ይችላል። ኪቦርዱ አልገባም። ዘፋኙም ገና ስቱዲዮ አልረገጠም። እነዚህ ሁሉ ሲገቡ ቤዙ መስተካከሉ አይቀርም። አምፑ አብሮት ከተቀረጸ ግን ምኑ ይስተካከላል? ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረው) አንዴ ከገባ አይወጣም። ኮምፕረሰር የደፈጠጠው የጣት ጉልበትም በምንም ፕለጊን አይመለስም።

አንድ ጊዜ የደረሰውን ልንገራችሁ። ዘፈኑ ዝግ ያለ ትዝታ ነው። ቤዚስቱ ለሜታል የተሠራ ፕሪሴት (ተስተካክሎ የተቀመጠ ዝግጁ ድምፅ) መርጧል። ብቻውን ሲሰማ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ከዘፋኙ ጋር ሲገናኝ ግን የሚያንጎራጉር ሰው ጆሮ ሥር ጄኔሬተር የተነሳ ያህል ሆነ። ድራዩን ጠየቅኩ፤ የለም። ድጋሚ ይጫወተው አልኩ፤ ልጁ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ቤዙን ቤት ትቶታል። ዘፈኑ የሚለቀቅበት ቀን ደርሷል። መጨረሻ ላይ ኪቦርዲስቱ መጥቶ በኪቦርድ ቤዝ ተጫወተው። ልጁ የተጫወተው መስመር እኮ ግሩም ነበር! ኪቦርድ ሥራችንን ወሰደብን እያልን ስናማርር ኖረን፣ አሁን ደግሞ በገዛ እጃችን እናስረክበው?

ፕለጊን ለምትጠቀሙ ይህ ስህተት ምንም ሰበብ የለውም። ከመቅረጫ ሶፍትዌሮች በሪፐርም ሆነ በኪውቤዝ ወይም በሎጂክ፣ ፕለጊኑን ትራኩ ላይ አድርጋችሁ ስትቀርጹ የሚያዘው ድራዩ ነው። አምፑ የሚሠራው ስታዳምጡ ነው። ስትልኩ ፕለጊኑን አጥፍታችሁ አንድ ፋይል፣ አብርታችሁ አንድ ፋይል ማውጣት ነው፤ በቃ። በፔዳል መልክ የሚመጣ ሞደለር ያላችሁ ትንሽ ሥራ አለባችሁ። የላይን 6 ኤችኤክስ ስቶምፕ፣ ለምሳሌ፣ ያለቀውን ድምፅ በዩኤስቢ 1 እና 2፣ ድራዩን ደግሞ በ5 እና 6 ይልካል። ሁለት ትራክ ከፍታችሁ ሁለቱንም ያዙ። ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል፤ ማን አንብቦት!

አምፕ ያለበትንም ላኩልኝ፤ አትጣሉት። ምን ዓይነት ድምፅ እንዳሰባችሁ የሚነግረኝ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ እሱኑ ከድራዩ ጋር እቀላቅለዋለሁ።

"ድራይ ባዶ ድምፅ ነው" የሚሉኝም አሉ። አሜሪካዊው ቤዚስት ጄምስ ጀመርሰን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በሞታውን ሪከርድስ ሲቀረጽ ቤዙ በአብዛኛው አምፕ ሳይነካው በቀጥታ ወደ ኮንሶሉ (ወደ ስቱዲዮው ሚክሰር) ነበር የሚገባው። ያንን ድምፅ ባዶ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ቀይ መብራት ጉልበት አይደለም

ሳውንድ ካርዱ ቀይ ሲያበራ ደስ የሚላቸው አሉ። በዲጂታል ከዜሮ ዴሲቤል በላይ ምንም ቦታ የለም፤ የድምፁ ጫፍ ይቆረጣል። በ24 ቢት ስትቀርጹ ደግሞ ከታች የተረፈ ቦታ ስላለ መስገብገብ አያስፈልግም። በጣም ጠንክራችሁ ስትመቱ ጫፉ ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ ከደረሰ ይበቃል። ስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት መምታት) ያለበት ዘፈን ከሆነ ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ስላፑን እየመታችሁ አስተካክሉ። ለስለስ ያለውን መግቢያ እየተጫወተ ጌይን አስተካክሎ፣ አዝማቹ ላይ ሁሉን ነገር የሚቀዳድድ ሰው ሞልቷል።

ሞደለሩም ቢሆን እንደ እውነተኛ አምፕ ነው፤ ብዙ ሲገባበት ይሻክራል። "ፕሪሴቱ ክሊን ነው ይላል፣ ግን ይቀደዳል" የምትሉኝ፣ አምፑን ከመነካካታችሁ በፊት የሚገባውን ቀንሱ።

ሳውንድ ካርዱ ላይ "ኢንስት" ወይም "ሃይ ዚ" የሚል ቁልፍ አለ። ተጫኑት። ባትሪ የሌለው ቤዝ አንድ ሜጋኦም ገደማ የሆነ መግቢያ ይፈልጋል። "ላይን" በሚለው መግቢያ ላይ ከተሰካ የላይኛው ድምፅ ይታፈናል። ከዚያ በኢኪው (የታች፣ የመሃልና የላይ ድምፅ ማስተካከያ) ለማውጣት ስትታገሉ የምታወጡት ሽሽታ ብቻ ነው።

ብቻውን እያዳመጡ ድምፅ መምረጥ

የዝቅተኛው ኢ ክር መሠረታዊ ድምፅ 41 ኸርዝ ገደማ ነው። ባለ አምስት ክር ላይ ቢው ወደ 31 ይወርዳል። የስልክ ስፒከር ይህንን ጭራሽ አያወጣም። አድማጫችሁ ደግሞ በስልክ ነው የሚሰማችሁ። ቤዙ እንዳለ የሚያውቀው ከላይ ባሉት ሃርሞኒኮች፣ ማለትም ከኖታው ጋር አብረው በሚወጡት ከፍ ያሉ ድምፆች፣ እና በሚዱ (በመሃለኛው ድምፅ) ነው። ጀማሪ ግን ሶሎ (አንድ ትራክ ብቻ የሚያሰማውን ቁልፍ) ተጭኖ ሲያዳምጥ ሚዱ አፍንጫ አፍንጫ ይለዋል። ስለዚህ ይቆርጠዋል፣ ታቹንና ላዩን ይከምርበታል። ብቻውን ሲሰማ ይመቻል። ድራምና ኪቦርድ ሲገባ ቤዙ የት እንደገባ አይታወቅም። ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ ያለችውን ያችን የማታምር ድምፅ አትንኩብኝ። ሞደለሩን ስታስተካክሉ ዘፈኑ እየሄደ ይሁን፤ ሶሎ የሚለውን ቁልፍ እርሱት።

በስፒከር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ክፍላችሁን አትመኑት። ሦስት ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ክፍል 49 ኸርዝ ላይ ያስተጋባል። ይህ ኢ ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬት፣ ጂ ነው። ግድግዳው ጋ ከተቀመጣችሁ ጂ ይጮኻል፤ መሃል ክፍሉ ላይ ከሆናችሁ ይጠፋል። ኢኪው ከማድረጋችሁ በፊት በሄድፎን አረጋግጡ።

በነገራችን ላይ የሁሙም (ከመብራት የሚመጣው እምምታ) ችግር እዚያው ሰፈር ነው። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ሁሙ የሚቀመጠው ከዚሁ ጂ ጎን ነው። በኢኪው ልቁረጠው ብትሉ ኖታውን አብራችሁ ትቆርጣላችሁ። አሜሪካ ያላችሁም አትስቁ፤ የእናንተ 60 ኸርዝ ቢ አጠገብ ነው። መፍትሔው ከምንጩ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ከስክሪኑና ከቻርጀሩ ራቅ በሉ። ቤዙን ይዛችሁ ትንሽ ዞር ዞር በሉ፤ ነጠላ ኮይል ፒካፕ ከሆነ ሁሙ የሚቀንስበት አቅጣጫ ታገኛላችሁ። ምድር መስመር የሌለው ሶኬት ካላችሁም ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ከሚላኩልኝ ውስጥ ንጹሕ የሆኑት መብራት ጠፍቶ በላፕቶፕ ባትሪ የተቀረጹት ናቸው ብላችሁ ታምናላችሁ?

ካቢኔት አንድ ነው የሚያስፈልገው። ሞደለሩ የራሱ ካቢኔት ካለው ሌላ ኢምፐልስ (የካቢኔት ድምፅ የያዘ ፋይል) አትደርቡበት። የሊድ ጊታር ካቢኔትም ለቤዝ አትጠቀሙ፤ ታቹን ይበላባችኋል።

ድራይና አምፕ ሲጠፋፉ

ታቹን ከድራዩ፣ ጥርሱን ከአምፑ ወስዶ መቀላቀል ደስ የሚል ዘዴ ነው። በተለይ ዲስቶርሽን ስትፈልጉ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ንጹሕ አድርጋችሁ ብትተዉት ቤዙ ጉልበቱን አያጣም። ነገር ግን በውጭ መሣሪያ ዞሮ የመጣው ድምፅ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። 100 ኸርዝ ላይ አንድ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። አምስት ሚሊሰከንድ ብቻ ከዘገየ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ተጠፋፍተው ታቹ ባዶ ይቀራል። "ሁለቱን ሳበራ ቤዙ ይቀጥናል" ያለኝ ልጅ ፕለጊን ሊገዛ ነበር። ሁለቱን ትራኮች አጉልታችሁ የመጀመሪያውን ኖታ መነሻ አስተያዩ፤ የዘገየውን ሳቡት። ከዚያ አንዱ ላይ ፖላሪቲውን (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ። ታቹ ከወፈረ እንደዚያው ተዉት፤ ከቀጠነ መልሱት።

ችክችካና ባፈር

በ48 ኪሎኸርዝ ባፈሩ (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያጠራቅመው የድምፅ መጠን) 512 ሳምፕል ከሆነ፣ መዘግየቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 10.7 ሚሊሰከንድ ነው። ገብቶ ሲወጣ ከ21 ያልፋል። ጣታችሁ ነካ፣ ጆሮአችሁ ቆይቶ ሰማ። ሳታውቁት እየቀደማችሁ ወይም እየጎተታችሁ ትጫወታላችሁ። ቀለል ባለ ምት ላይ ላይታወቅ ይችላል። ችክችካ ላይ ግን ወዲያው ያጋልጣል። ስትቀርጹ ባፈሩን 64 ወይም 128 አድርጉ፤ ሚክስ ስታደርጉ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። ላፕቶፑ ካልቻለ ሌሎቹን ትራኮች ወደ አንድ ፋይል አውጥታችሁ በዚያ ላይ ተጫወቱ።

የዘገየውን በኋላ ወደ ግሪድ (ሶፍትዌሩ ላይ ምቱን ወደሚያሳዩት መስመሮች) ጎትቼ አስተካክላለሁ የምትሉ፣ ኧረ ተዉ። ብዙ ጊዜ ፕሮጀክቱ በ4/4 ተከፍቶ ነው ባለ 6/8ቱ ዘፈን የሚጎተተው። የሚወጣው ነገር የማንም አገር ሙዚቃ አይደለም።

ኮምፕረሰርም እዚህ ላይ ይጎዳል። ከመጠን ሲበዛ ኖታው ረዝሞ ዝምታውን ይሞላዋል። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን ስሙ፤ ኖታውን የት እንደሚቆርጥ ልብ በሉ። ያንን የሚያደርግ ፕሪሴት የለም፤ የግራ እጅ ሥራ ነው።

ክር ቀይሩ፤ ጀመርሰን ክር አይቀይርም ነበር የሚል ክርክር ይዛችሁ አትምጡ። በየቴኩ (በየቀረጻ ሙከራው) መካከል ቃኙ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ኦክታቩ ካልተስማማ ብሪጁን አስተካክሉ። የተበላሸ ቅኝትን ሞደለር አጉልቶ ያሰማል እንጂ አይሸፍንም።

በመጨረሻ አላላኩ። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ቤዝ የላከልኝ ሰው አለ፤ አልቀልድም። ኤምፒ3ም አይሁን። ዋቭ፣ 24 ቢት፣ የዘፈኑ ፕሮጀክት በተሠራበት ሳምፕል ሬት አውጡና እንደ ፋይል ላኩት። ቤዙ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቢገባም ፋይሉ ከዘፈኑ መጀመሪያ ይነሳ፤ ባዶው አብሮ ይምጣ። ስሙንም "ቤዝ ፋይናል አዲሱ 2" አትበሉት። የዘፈኑን ስም፣ ቴምፖውን፣ ድራይ ይሁን አምፕ ጻፉበት።