ዲኤችሲፒ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አዳማ ውስጥ የሆቴልና የቢሮ ኔትወርክ የምትዘረጉ ልጆች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። ዲኤችሲፒ ማለት ኔትወርክ ላይ ለሚገባ ኮምፒውተር የአይፒ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥር) በራሱ የሚያድል አገልግሎት ነው።

"ኔት የለም" ሲባል ቴሌ ለመደወል አትሩጡ። መጀመሪያ አይፒውን እዩ። በ169.254 ከጀመረ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው። መስመሩ ምንም ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልሂድ። ዋይፋይ ደከመ ተብሎ ከሱቅ ራውተር ይገዛል፣ ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ላን ፖርቱ ላይ ኬብል ይሰካል፣ አለቀ። አንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አዳይ ሆነ ማለት ነው! ኮምፒውተር ሲነሳ "አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?" ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰለትን ይቀበላል። ስለዚህ የአንዱ ይሠራል፣ አጠገቡ የተቀመጠው አይሠራም፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይገላበጣል። አንድ ሆቴል ስልጠና መሃል ጠሩኝና የአንዱን ላፕቶፕ ሳይ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚወጣበት በር) 192.168.0.1 ይላል። የሆቴሉ በ10 ነው የሚጀምረው። ራውተሩ ከአዳራሹ መጋረጃ ጀርባ ተገኘ፤ ሰካሁት የሚል ሰው ግን እስከዛሬ አልተገኘም። ወንድሜ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፋ፣ ለራውተሩ የማይጋጭ አድራሻ ስጠው፣ ከዚያ ስካ። ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት ሳጥን) ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ካለው አብራው፤ ካልፈቀድክለት ፖርት የሚመጣውን መልስ ይጥልልሃል።

ለፕሪንተር ፑሉ (ዲኤችሲፒው የሚያድላቸው አድራሻዎች) ውስጥ ያለ ቋሚ አድራሻ አትስጡ። ወይ ከፑሉ አውጡት፣ ወይ በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ ይዞት በመጣው መለያ) ዲኤችሲፒው ላይ አስይዙለት።

ሊዝ (አንድ አድራሻ ለአንድ መሣሪያ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜ) ላይም እንዲሁ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፣ ሰው ይመጣል ይሄዳል። የተለመደው /24 ኔትወርክ ከ254 አድራሻ በላይ የለውም፤ የዊንዶውስ ሰርቨር ሊዝ ደግሞ ካልነካችሁት 8 ቀን ነው። ሰኞ የመጡት ሰልጣኞች ቤታቸው ገብተውም አድራሻው በስማቸው ተይዟል፣ ሐሙስ የመጡት ዋይፋዩን ይረግማሉ። ለእንግዳ የጥቂት ሰዓት ሊዝ ይበቃል።

ቪላን ስትከፍሉ (አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ ስትከፋፍሉ) ሪሌይ (ጥያቄውን ወደ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ የሚያሻግረውን) አትርሱ። ያ "አድራሻ የሚሰጠኝ ማነው?" የሚለው ጩኸት ራውተር አይሻገርም።

የኮምፒውተር ላብ በኔትወርክ ቡት የምታደርጉ (ከራሱ ዲስክ ሳይሆን ከኔትወርክ የምታስነሱ) ደግሞ፣ አይፒ መጣ ማለት ቡት አደረገ ማለት አይደለም። ዲኤችሲፒው ከአድራሻው ጋር ከሚልከው መረጃ ኦፕሽን 66 ሰርቨሩን፣ 67 የቡት ፋይሉን ስም ይነግራል። ለባዮስ (ለአሮጌው የማስነሻ ዓይነት) የተሠራ ፋይል ለዩኢኤፍአይ (ለአዲሱ) ማሽን ሰጥቶ ማሽኑን መውቀስ አይገባኝም። ሁሉም ልክ ሆኖ አድራሻ እንኳን ካልመጣ ስዊቹን ተመልከቱ፦ ስፓኒንግ ትሪ (ስዊቾች መካከል ዙር እንዳይፈጠር የሚጠብቀው) ፖርቱን ለመክፈት 30 ሰከንድ ሲወስድ ማሽኑ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ያን መጠበቅ የሚያስቀረውን ፖርትፋስት አብሩ። የኮምፒውተር ፖርት ላይ ብቻ ግን፣ ወደ ሌላ ስዊች በሚሄደው ላይ እንዳትሞክሩት!