«ዲጄዬ፣ ጉራግኛ ክፈትልን!»፦ ጀማሪ ዲጄዎችና ፕሮዲውሰሮች የምንሠራቸው ስህተቶች

ካዛንቺስ ከመፍረሱ በፊት እዚያ አንድ ላውንጅ ውስጥ ዓርብ ዓርብ አጫውት ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ትዝ ሲለኝ አሁንም ያሳፍረኛል። ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ሰው ያለው ሁለት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ክትፎ እየበሉ ነው። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋጀሁበትን፣ በደቂቃ 128 ጊዜ የሚመታ ሃውስ (የክለብ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ) ለቀቅኩት። ሰውዬው ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ሒሳብ ጠየቁ።

አንደኛው ስህተት ይሄ ነው፤ ሰዓት አለማወቅ። ምሽቱን የሚከፍት ዲጄ ሥራው ማስጨፈር አይደለም። ሰው ገብቶ እንዲቀመጥ፣ እንዲያዝ፣ ሳያውቀው እግሩን እንዲነቀንቅ ማድረግ ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 115 ምት አካባቢ ቆይ። ድምፁንም ቀነስ አድርግ። ትልልቆቹን ትራኮች እኩለ ሌሊት ላይ ለሚረከብህ ልጅ ተውለት። አንተ ቀድመህ ከጨረስካቸው እሱ ምን ያጫውት?

ሁለተኛው «ሲንክ» የምትባለዋን፣ የሁለት ትራኮችን ምት በራሷ የምታገጣጥመውን ቁልፍ ማመን ነው። ሃውስና ቴክኖ በኮምፒውተር ስለሚሠሩ ምታቸው አይዛነፍም፤ ሶፍትዌሩ በቀላሉ ይቆጥራቸዋል። የ1960ዎቹ ዘፈኖቻችን ግን ባንዱ አንድ ላይ ተጫውቶ የተቀዱ ናቸው። ድራመሩ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ሲደክመው ይዘገያል። ማሽኑ ይሄን አያውቅም። በዚያ ላይ ጭክችካ አለ። ሃውስ አራት አራት እያለ ሲሄድ ጭክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሦስት ሦስት እያለ ይዘላል። ሁለቱን ሲንክ አድርገህ ብትደርባቸው አስፋልት ላይ የሚሮጡ የሁለት አህዮች ኮቴ ይመስላል። ሠርቼው ስለማውቅ ነው።

መላው ቀላል ነው። የሃውሱን ኪክ (ከበሮውን) ቀስ ብለህ አውጣና ሲንቱ (የኤሌክትሮኒኩ ኪቦርድ ድምፅ) ብቻውን ሲቀር የዘፈኑን መግቢያ አስገባ። ወይም ከዘፈኑ መጀመሪያ ትንሽ ቆርጠህ ሉፕ አድርገውና (እየተደጋገመ እንዲሄድ) ምቱን በጆሮህ አስተካክል። ቤትህ ተለማመደው። ምክንያቱም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ አንዱ መምጣቱ አይቀርም፤ «ዲጄዬ፣ ጉራግኛ ክፈትልን!» ብዙ ዲጄዎች በዚህ ይናደዳሉ፤ እኔ አልናደድም። ሁለት ጉራግኛ፣ አንድ ኦሮምኛ ጣል አደርግና ወደ ቴክኖዬ እመለሳለሁ። ሰውዬውም እየጨፈረ አብሮኝ ይመጣል። እምቢ ካልከው ግን ቤቱ እስኪዘጋ ከጎንህ አይነቃነቅም።

ስለ ዕቃ አጭሩን ልበል። ፍላሽህን «ፋት 32» በሚባለው ፎርማት አዘጋጀው፤ የክለብ ማጫወቻዎች ሁሉንም ፎርማት አያነቡም። ሁለት ፍላሽ ያዝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ስፒከሩን መጨረሻ ላይ አብራው፤ ስትዘጋ መጀመሪያ አጥፋው። አለበለዚያ «ዷ!» ይልና የማታውን ክፍያህን ለጠጋኝ ትከፍላለህ።

ወደ ፕሮዳክሽን ስንመጣ፣ ትልቁ ጥፋት ሙዚቃህን የሠራህበት ክፍል ውስጥ ብቻ መስማት ነው። አንድ ጊዜ በቤዙ በጣም የኮራሁበትን ትራክ ለሠፈራችን ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። ከፒያሳ አራት ኪሎ እስክንደርስ አጫወተው። ሃይ ሃቱ ይንጫጫል፣ ክላፑ አለ፤ ቤዙ ግን የለም! ረዳቱ «ይሄ ነገር አልተጀመረም እንዴ?» አለኝ። ቤዙን የሠራሁት ከ50 ኸርዝ በታች ነበር፤ የታክሲ ስፒከር ደግሞ እዚያ አይወርድም። አሁን ቤዙ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን ሻከር የሚያደርግ ኢፌክት) እጨምርበታለሁ። ያኔ ከ100 እስከ 200 ኸርዝ አካባቢም ድምፅ ስለሚያወጣ ትንሽ ስፒከር ላይ እንኳን ይሰማል። ስልክ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ጓደኛህ ቤት ሳትሰማው ትራክ አታውጣ።

የድሮ ዘፈን ቆርጦ መለጠፍስ? ብዙዎቻችን የጀመርነው እንደዚያ ነው። ግን «ከአምስት ሰከንድ በታች ከሆነ አያስጠይቅም» የሚባለው ወሬ ነው፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ውስጥ እንዲህ የሚል ነገር የለም። ግጥምና ዜማው ባለቤት አለው፣ ቀረጻውም የራሱ ባለቤት አለው። አስፈቅድ። ካልሆነ ማሲንቆ ተጫዋች ፈልግና ከፍለህ ቅዳው፤ ለእኔ ይሄኛው ይበልጣል። «እንደገና ሙሉ» እና «ሚካኤል ሰይፉ» የሚባሉትን ፕሮዲውሰሮች ስማ፤ የባህሉን ድምፅ ከኤሌክትሮኒኩ ጋር አዋሕደው ነው በውጭም የታወቁት። ማሲንቆውን ስትቀዳ ግን አንድ ነገር ልብ በል፤ ተጫዋቹ ክሩን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ልክ ነው። እሱን ለማስተካከል አትድከም፤ ሲንትህን ወደ እሱ አምጣው። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ የፈረንጅ ኮርድ ስትደረድር ቅኝቱ እንዳይጠፋብህ።

ጆሮህን ጠብቅ። 85 ዴሲቤል ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞኒተሩ (ለዲጄው የሚቀመጠው ስፒከር) አጠገብ ስድስት ሰዓት የምትቆመው አንተ ነህ፤ የጆሮ መሰኪያ ግዛ።

የመጨረሻው ገንዘብ ነው። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበል ስፒከር አትሸከም። ስንት ሰዓት እንደምታጫውት፣ የሌሊቱን ታክሲ ማን እንደሚከፍል በቴሌግራም አስጽፈህ ያዝ። እኔ አንድ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ላለኝ ሰው እስኪነጋ አጫወትኩ። ስጨርስ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ነገ ደውልልኝ» አለኝ። በነጋታው ደወልኩ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» አለችኝ ሴትዮዋ።