ንግድዎን የሚያሳድግ ግብ እንዴት ይወጣል?

«ዘንድሮ ሽያጬን እጥፍ አደርጋለሁ» የሚል ነጋዴ ነገ ጠዋት ሥራ ሲገባ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ለማን ይደውላል? የትኛውን ዕቃ ይጨምራል? ግቡ ይህን ካልነገረው ያው ምኞት ነው። ስለዚህ ከትልቁ ቁጥር ተነስተን እስከ ሰኞ ጠዋት ሥራ ድረስ እንውረድ።

መጀመሪያ ያሉበትን ይወቁ

ደብተርዎን ያውጡ። ያለፉትን 3 ወራት ሽያጭ፣ ወጪና የደንበኛ ብዛት ይደምሩ። ደብተር የሚባል ነገር ከሌለ ግብ ለማውጣት አይቸኩሉ። ለ1 ወር የገባውንና የወጣውን ብቻ ይመዝግቡ። የግል ኪስና የንግዱ ኪስ ተቀላቅለው ከሆነ አሁኑኑ ይለዩዋቸው፤ ለቤት የሚወጣው ገንዘብ ካልተጻፈ ትርፉ የት እንደገባ ማወቅ ዘበት ነው።

ሥራዎ ወቅት የሚከተል ከሆነ ደግሞ ዘንድሮን ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽሩ። ገበያ በደራበት ወር ልክ የወጣ ግብ በቀዘቀዘው ወር ተስፋ ያስቆርጣል።

ሽያጩን ይበትኑት

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። የወር ሽያጭ የ3 ነገሮች ብዜት ነው፦ ስንት ደንበኛ አለ፣ አንዱ በወር ስንት ጊዜ ይገዛል፣ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ያወጣል። 100 ደንበኞች በወር 2 ጊዜ እየመጡ በየጊዜው 50 ቢያወጡ ሽያጩ 10,000 ነው። ሦስቱንም በ10 በመቶ ብቻ ከፍ ያድርጓቸው፦ 110 ደንበኛ፣ በአማካይ 2.2 ጊዜ፣ በየጊዜው 55። ውጤቱ 13,310 ይመጣል። 33 በመቶ ዕድገት ማለት ነው፣ ያውም አንዱም ቁጥር ብዙ ሳይዘል።

አብዛኛው ነጋዴ ግን አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ላይ ብቻ ይሯሯጣል። እኔ ብሆን መጀመሪያ መምጣት ወዳቆሙት ደንበኞች እዞራለሁ። ስልካቸው አለ፣ ዕቃውን ያውቁታል፤ ለምን እንደቀሩ መጠየቅ ደግሞ ከማስታወቂያ ይረክሳል።

ትርፉንም አብረው ያስሉ

ሽያጭ ጨምሮ ትርፍ ሊቀንስ ይችላል። በ70 የመጣ ዕቃ በ100 ቢሸጥ 30 ይተርፋል። «ገበያ ልሳብ» ብለው 10 በመቶ ቢቀንሱ የሚተርፈው 20 ብቻ ነው። ድሮ 10 ዕቃ ሸጠው የሚያገኙትን 300 አሁን ለማግኘት 15 መሸጥ አለብዎት። ለአነስተኛ ቅናሽ 50 በመቶ ተጨማሪ ሥራ! ግብዎ የሽያጭ ቁጥር ብቻ ከሆነ ይህን አያሳይዎትም።

በዱቤ የሚሸጡ ከሆነም ይጠንቀቁ። ሽያጩ ወረቀት ላይ ሲያድግ ካዝናው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱን ዕቃ የሚገዙት ደግሞ በካሽ ነው። ከግቡ ጎን «ይህን ለማድረግ ስንት ገንዘብ ቀድሞ ይወጣል?» የሚለውን ይጻፉ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት

ጆርጅ ዶራን የተባለ የአስተዳደር አማካሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ለጥሩ ግብ 5 መመዘኛዎችን አስቀምጦ ነበር። ግቡ ግልጽ፣ የሚለካ፣ ሊደረስበት የሚችልና የጊዜ ገደብ ያለው ይሁን ይላል። አምስተኛው ሥራውን ማን እንደሚሠራው መለየት ነው፤ በትንሽ ንግድ ውስጥ ቶሎ የሚረሳውም እሱ ነው። ለምሳሌ፦ «በ3 ወር ውስጥ ተመላላሽ ደንበኞቻችንን ከ40 ወደ 55 እናደርሳለን። መምጣት ላቆሙት ደንበኞች የሚደውለው እከሌ ነው።» ለአንድ ሩብ ዓመት እንዲህ ያለ 1 ወይም 2 ግብ ይበቃል።

ወደ ሳምንት ሥራ ያውርዱት

ደንበኛው መግዛቱ በእጅዎ አይደለም፤ መደወሉ ግን በእጅዎ ነው። ስለዚህ ለየሳምንቱ «20 ሰው መደወል» ዓይነት ሥራ ይመድቡ።

ሠራተኛ ካለዎት ቁጥሩን አያክርሩት። የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ ሠራተኞቹን በሽያጭ ኮታ ሲያስጨንቅ፣ ሠራተኞቹ ደንበኞች ሳያውቁ በስማቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሂሳቦችን ከፈቱ። ጉዳዩ በ2016 እ.ኤ.አ. 185 ሚሊዮን ዶላር አስቀጣው። ከቁጥሩ ጎን አንድ የጥራት መለኪያ ይጨምሩ፤ የተመለሰ ዕቃ ወይም የቅሬታ ብዛት ሊሆን ይችላል።

በየወሩ ይመልከቱት

ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ግቡን ከመሰረዝዎ በፊት የሳምንቱን ሥራ ይፈትሹ። ተደውሎ ደንበኛ ካልመጣ የሚሉትን ነገር ወይም የሚያቀርቡትን ዕቃ ይቀይሩ። ጭራሽ ካልተደወለ ግን መንገዱ ገና አልተሞከረም። ያኔ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ደዋዩ ጊዜ አጥቶ ነው ወይስ ሥራው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቀርቶ?